የኔ ጊታር ኦርጅናል አይደለም

ዕድሜዬን ሙሉ ዋሽቼ ማንም ምንም ብሎኝ አያውቅም። መተማ ዮሐንስ ላይ ጎማ እየለጠፍኩ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ፣ ሙቀቱ ከመክፋቱ የተነሳ ጥላዬ ጥሎኝ በአውቶቡስ ጎንደር ገባ ብዬ አውርቻለሁ፤ ሰው ስቆ «መቀመጫ አግኝቶ ነው ወይስ ቆሞ?» ብሎኝ አልፏል። ድንበር ማዶ ካለው ከገላባት የመጣ የመኪና ጎማ ውስጥ አዞ ተኝቶ አገኘሁ ብያለሁ፤ ያኔም የጠየቁኝ የአዞውን ርዝመት ነው። ሕዝብ ሰብስቤ እውነት የተናገርኩት አንድ ቀን ብቻ ነው። እሱን ነው እስከ ዛሬ ይቅር ያላሉኝ።

ነገሩ የጊታር ነው። ጊታሩ እጄ የገባበት ታሪክ እውነት ስለሆነ አጭር ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት ግድም አንድ የሱዳን ሹፌር ከኮኪት መለስ ብሎ ሁለት ጎማ ፈነዳበት። እየጎተተ ሱቄ ደረሰ፣ ለጠፍኩለት፣ ሁለት ከመነዳሪም ቀየርኩለት። ኪሱን ሲፈትሽ ባዶ ነው። ከወንበሩ ጀርባ አንድ ጊታር ጎትቶ አወጣና «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ይኸን ውሰድ» አለኝ። የሚስቱ ወንድም ኦምዱርማን ከሱቅ ገዝቶት፣ ሦስት ቀን ደባብሶት፣ የቤት ሰው ሁሉ ሲጮህበት የተወው ዕቃ ነው። «ኸላስ!» ብሎ እጁን አራገፈና መኪናውን አስነስቶ ሄደ። አለቀ። ዘፋኝ የለ፣ ዕንባ የለ፣ ምን የለ።

የኛ አገር አቧራ ተዘግቶ የተቀመጠ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ነውና ጊታሩን ጎረቤቴ ዘንድ ይዤ ሄድኩ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። የሲንጀር መኪናቸው ከሱቄ አጠገብ በረንዳ ላይ ትቀመጣለች፤ ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃምና ከወሎ ለሚወርደው ሠራተኛ የሱሪ ጉልበት ይጥፋሉ፣ ለሱዳኖቹ ጀላቢያ ይሰፋሉ። ጋሼ ነው የምላቸው።

«ምንድን ነው ይኼ? ክራር ነው?» አሉኝ።

«ጊታር ነው ጋሼ።»

«የወፈረ ክራር በለኛ!»

ከአሮጌ የመኪና ሸራ፣ ከጥቁሩ፣ ከረጢት ሰፉልኝ። የሳቸው ስፌት ጫፉ ላይ ሲደርስ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ይመለሳል። ለምን ቢባሉ «ሰው ሜዳ ላይ እንዳይተረተር» ነው መልሳቸው። ሱሪው አልቆ ስፌቱ ሲቀር አይቻለሁ፤ ይኼን እንኳ አላጋነንኩም።

ውሸቱ የተጀመረው በማግስቱ ነው። አንድ ደላላ ጎማው እስኪነፋ ቆሞ ሳለ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አይቶ «የማን ነው?» አለኝ። የሹፌር አማች ነው ቢባል ምን ለዛ አለው? ያን ታላቅ ድምፃዊ ጠራሁ። ስሙን እዚህ አልጠራም፤ ነፍሱን ይማረውና እስካሁን የተሸከመው የኔ ውሸት ይበቃዋል። ካርቱም ሊዘፍን ሲሻገር እዚህ ጎማው ፈነዳ፣ ወዲያው ስለጥፍለት ልቡ ተነክቶ ጊታሩን ሸለመኝ አልኩ። ደላላው እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ከዚያማ ማን ይመልሰኝ? ጊታሩ ሆድ ላይ ያለችው ጭረት የቀለበቱ ሆነች። አንገቱ ላይ ያለው ስንጥቅ ከግመል ሲወድቅ የደረሰበት። ከስድስቱ ሽቦ ሁለቱ ሲበጠሱ በባጃጅ ፍሪሲዮን ሽቦ ተካኋቸው፤ እነሱም የድምፁ ምስጢር ሆነው አረፉት።

እንዲህ እየዋሸሁ እየሣቅን ዓመታት ሄዱ። ጋሼ ሁሉንም ያውቃሉ፤ በረንዳቸው ላይ ሆነው ይሰሙኛል። እኔ ከግመሉ ክፍል ስደርስ መኪናቸውን ጠበቅ አድርገው ይረግጣሉ። ተቃውሟቸው ያ ብቻ ነበር።

ከዚያ ዓይናቸው መድከም ጀመረ። በመጀመሪያ መርፌ አስገባልኝ እያሉ ይጠሩኝ ነበር። «ና እስቲ፣ ይችን ቀዳዳ ከክሩ ጋር አስተዋውቃት» ይላሉ። አንድ ቀን የከረጢቱ ማንገቻ ተበጥሶ ወሰድኩላቸው። ጥቁር ክር አስገባልኝ አሉኝ። እኔ ደግሞ ቀዩን አስገባሁ።

«ጥቁር ነው?»

«እንደ ከሰል!» አልኳቸው።

ተጠንቅቀው፣ በእጃቸው፣ ሦስቴ ወደ ኋላ መልሰው ጨረሱ። ጥቁር ሸራ ላይ እንደ በርበሬ የቀላ ክር! ለመንደሩ እያሳየሁ አስቄበታለሁ ብዬ ተቀብያቸው ወጣሁ። በራፌ ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። ይኼን ያላየ ሰው ምን ይታየዋል? ከረጢቱን ክሩ ወደ ግድግዳ እንዲዞር አድርጌ ሰቀልኩት፤ ለማንም አላሳየሁም።

ባለፈው ዓመት ሰሊጥ በሚታጨድበት ወር ጋሼ ሱሪውን ትተው ጣታቸውን ሰፉ። ጎንደር የታየላቸው ሞራ ነው ተባለ፤ ቶሎ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገ ሁለቱም ዓይን ይጠፋል። ለሳምንቱ ማክሰኞ ተቀጠሩ። ልጅ የላቸው፣ የሚረዳ ዘመድ የላቸው። ኮሚቴ ተቋቋመ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ርእሰ መምህር ናቸው። ሁለት ሰው ቆሞ ካዩ ቃለ ጉባኤ ይከፍታሉ። በጎ አድራጎት ጨረታ ይዘጋጅ፣ ዋናው ዕቃም የታላቁ ድምፃዊ ጊታር ይሁን ብለው በሙሉ ድምፅ ወሰኑ። እኔን የጠየቀኝ የለም። ሱቄ ስመለስ ሚስቴ በር ላይ ናት፤ ግድግዳው ባዶ ነው።

«ሰጥቻቸዋለሁ» አለች ሚስቴ። «ለጋሼ ዓይን ትሳሳለህ እንዴ?»

«አልሳሳም! ግን የዘፋኙ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

«የሹፌር!»

«አንተ ሰውዬ፣ ሃያ ዓመት የዘፋኙ ነበር፣ ዛሬ ለደግ ሥራ ሲፈለግ የሹፌር ሆነ?»

«ዋሽቼ ነበር።»

«እኔን እኮ ያገባኸኝ በዚያ ጊታር ነው!» አለችና ፊቷን አዞረች። ነገሩን በዚያ በኩል አስቤው አላውቅም ነበር።

ሰብሳቢው ዘንድ ሮጥኩ። ጊታሩ ከነከረጢቱ ጠረጴዛቸው ላይ እንደ ሬሳ ተጋድሟል።

«መምህር፣ ይኼ ጊታር ኦርጅናል አይደለም።»

«ገባኝ» አሉ እየጻፉ፤ «የማስረጃ ጉዳይ ነው የምታነሳው። ትክክል ነህ። በደብዳቤ እናስደግፈዋለን።»

ቀበሌ ሄዱ። የቀበሌው ጸሐፊ ማኅተም የምመታው ለነዋሪ ነው፣ ጊታሩ ተመዝግቧል ወይ ብሎ መለሳቸው። እንግዲያው ሦስት ምስክር ይበቃል ተባለ። በሰዓቱ ሠላሳ ሰው መጣ። አንዱ ዘፋኙን በዓይኔ አይቻለሁ አለ፤ በተባለው ዓመት እናቱ ገና አላገባችም። አንዷ ውሃ የሰጠሁት እኔ ነኝ አለች። ሌላው ጭራሽ ወደኔ ዞሮ «ጎማውን ስትለጥፍለት ክሪኩን ይዤልህ አልነበር?» አለኝ፤ ለኔ፣ ለራሴ! አበድኩ። ለአንድ አፍታማ እኔም፣ ይዞልኝ ነበር እንዴ ብዬ አሰብኩ።

ከገንዳ ውሃ ከተማ ደግሞ አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ደወለልኝ። ሆቴል እየሠራ ነው፤ ጊታሩን እንግዳ መቀበያው ላይ ሊሰቅለው አስቧል። ይኼ ሰው ለትራክተሩ ኦርጅናል ነው የተባለ መለዋወጫ ገዝቶ በሳምንቱ የተሰበረበት ስለሆነ ፎርጅድ የሚባል ነገር ሲሰማ ደሙ ይፈላል።

«ኦርጅናል ነው አይደል?» አለኝ።

«አይደለም።»

«ሃሃሃ! ዋጋ ልታስወድድ ነው። ዐውቅሃለሁ!» ብሎ ዘጋው።

በዚያው ሰሞን ጋሼ አስጠሩኝ። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ መኪናዋ በጨርቅ ተሸፍናለች።

«ተቀመጥ» አሉኝ። «በግመሉ ጊታር ነው አሉ ዓይኔ የሚከፈተው።»

«ነገርኳቸው እኮ ጋሼ! እምቢ አሉ!»

«ድገምላቸው። ሕዝቡ ባለበት።»

«ከነገርኳቸው የሚገዛ የለም። ማክሰኞ አይሄዱም ማለት ነው።»

«ነገ ዓይኔ ተከፍቶ ያንን ነጋዴ መንገድ ላይ ባየው ምን ብዬ ነው ሰላም የምለው? የሰው ሱሪ አበላሽቼ ደህና ነው ብዬ አስረክቤ ዐውቃለሁ? ካልነገርክ አውቶቡሱ ላይ አልወጣም።»

«ይታወሩ ታዲያ!» አመለጠኝ።

«እታወራለሁ» አሉ፤ ሻይ ልጠጣ እንደሚል ሰው።

ምን ይደረጋል እንዲህ ካለ ሰው ጋር? ዝም ካልኩ በራሳቸው ግትርነት ዓይናቸው ይጠፋል፤ ከተናገርኩ ደግሞ በኔ እውነት። ሃያ ዓመት ሙሉ በመኪናቸው ድምፅ ብቻ ሲቃወሙኝ ኖረው አፋቸውን የከፈቱት አሁን!

ጨረታው እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ ኒሙ ዛፍ ሥር ሆነ። በኛ ዘንድ የበጎ አድራጎት ጨረታ ያሸነፈ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዕቃውን ይዞ አይሄድም። ከፍሎ «መልሻለሁ!» ይላል፣ ዕቃው እንደገና ይሸጣል። አንድ ጃንጥላ በአንድ ከሰዓት አሥራ አንድ ጊዜ ሲሸጥ አይቻለሁ፤ ማጋነን ቢሆን ሠላሳ እል ነበር። የገንዳ ውሃው ነጋዴ ግን አስቀድሞ አስታውቋል፤ ያሸነፍኩትን ይዤ ነው የምሄደው ብሏል። ለዚህም ብሎ የሚሰቀልበትን ሚስማር ሳይቀር አስመትቷል።

ሰብሳቢው ጊታሩን ከከረጢቱ አውጥተው ከፍ አደረጉት። ሰው አጨበጨበ። እኔ ተነስቼ የድምፅ ማጉያውን ከእጃቸው ወሰድኩ።

«ወገኖቼ፣ ይኼ ጊታር የዘፋኝ አይደለም። ከሱዳን ሹፌር በጎማ ጥገና ያገኘሁት ነው። ዋሽቻችኋለሁ።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

«ሳስቶ ነው!» አለ አንዱ ከኋላ።

«አልሳሳሁም! ውስጡን እዩት፣ የኦምዱርማን ሱቅ ወረቀት ተለጥፎበታል!»

ነጋዴው በስልኩ መብራት አጎንብሶ አየና «ዕውነትም! ሊዘፍን ሄዶ ሲመለስ የገዛው ነው!» ብሎ ዋጋ ጨመረ።

«ካርቱም ሊሄድ ሲል ሰጠኝ አይደል ያልኩት? ሳይሄድ ከየት ገዛው?»

«ደጋግሞ ይሄድ ነበራ!» አለች ውሃ የሰጠችው ሴትዮ።

«ሁለቱ ሽቦ የባጃጅ ፍሪሲዮን ነው!»

«ምስጢሩን አወጣው!» ተባለ፣ ዋጋው ደግሞ ወጣ። እውነት በተናገርኩ ቁጥር ይጨምራል። ዕድሜ ልኬን እንዲህ የሚያዋጣ ነገር ተናግሬ አላውቅም። ድምፅ ማጉያውን ልወረውረው ምንም አልቀረኝ።

ያን ጊዜ ጋሼ በምርኩዛቸው ተነሱ።

«ከረጢቱን ስጡኝ» አሉ። ጊታሩን አልጠየቁም። ተቀብለው ጠርዙን በጣታቸው ተከትለው ሄዱ፣ ጫፉ ላይ ቆሙ። «ሦስት ወደ ኋላ። ይኼን የሰፋሁት እኔ ነኝ። የሰፋሁት ለዚህ ቀጣፊ፣ ጊታሩን ከሹፌሩ በተቀበለ ዕለት ነው። ዘፋኝ የሚባል አልመጣም። ጎረቤቱ ነኝ፤ ቢመጣ እሰማ ነበር። ጆሮዬ ያኔም ዛሬም ደህና ነው።»

የጋሼን ቃል የሚጠራጠር ሰው መተማ ላይ የለም። ሠላሳው ምስክር መሬት መሬት ያይ ጀመር። ነጋዴው የስልኩን መብራት አጠፋ። «ፎርጅድ!» አለና ተቀመጠ። ሰብሳቢው ድምፅ ማጉያው ክፍት መሆኑን ረስተው «አለቀልን» አሉ፤ «አለቀልን» የሚለው ከትምህርት ቤቱ ግድግዳ ተመልሶ መጣ። እኔ ያሰብኩት ማክሰኞን ነበር። ያሉኝን አድርጌ፣ በገዛ አፌ የሰውዬውን ዓይን ዘጋሁት።

ነጋዴው ግን አልበረደለትም። እየተንጎራደደ መጥቶ ከረጢቱን ነጠቀ።

«ይኼስ ቢሆን የርስዎ ነው? ማንገቻው በቀይ ክር ነው የተሰፋው! ጥቁር ሸራ በቀይ ክር የሚሰፋ ልብስ ሰፊ አለ? ተመካክራችሁ ነው የመጣችሁት!»

«ቀይ?» አሉ ጋሼ። «ቀይ ክር? እኔ?»

ማንገቻውን ተቀብለው ዳበሱ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ወደ ኋላ። ፊታቸው ተለወጠ። «ስፌቱስ የኔ ነው። ክሩ ግን…» አሉና ራሳቸውን ቀስ ብለው እኔ ወደቆምኩበት አዞሩ። «አንተ!»

«ጋሼ…»

«እንደ ከሰል አላልከኝም?»

ሕዝቡ ፊት ተናገርኩ። ቀዩን አስገብቼ ጥቁር ነው ያልኳቸው እኔ ነኝ፣ ከዚያ ደንግጬ ደብቄው ኖርኩ አልኩ። ቃሌን ሳልጨርስ ጋሼ ድምፄን ተከትለው ምርኩዛቸውን ሰነዘሩ። እኔ ጎንበስ አልኩ፣ የሰብሳቢው ቅልጥም ላይ አረፈ። «ወይኔ!» አሉ መምህር በድምፅ ማጉያው፤ ገላባት ድረስ ተሰምቷል።

ከዚያ የሆነውን ሳስበው አሁንም ያናድደኛል። አመኑኝ! ያንን ሁሉ እውነት ስናገር የሣቁብኝ ሰዎች፣ ይቺኛዋን ነውሬን ስናገር አንዳቸውም አልተጠራጠሩኝም። «ያደርገዋል፣ ያደርገዋል» እየተባባሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሚስቴ ሳትቀር።

አንድ ከጎጃም የወረደ የሰሊጥ ሠራተኛ ከጥግ ተነሳ። «እንግዲያው ከረጢቱ ኦርጅናል ነዋ!» አለ። «የሰፉት እሳቸው፣ የመሰከሩት እሳቸው። ምን ቀረው?» እግሩን ድንጋይ ላይ አውጥቶ የተጣፈውን የሱሪውን ጉልበት አሳየ። «ይቺም ኦርጅናል ናት፤ ቁጠሩ፣ ሦስት ወደ ኋላ!» ብሎ የቻለውን ዋጋ ጠራ።

የግቢው ሰው ሁሉ የልብሱን ጫፍ እየገለበጠ ይፈትሽ ጀመር። አንዷ ባሏን ጃኬት አስወልቃ ብብቱን ታያለች። «የኔም የሳቸው ነው!» ይላል አንዱ፣ «የኔም!» ይላል ሌላው። ሠራተኛው አሸነፈ፣ ከፈለ፣ «መልሻለሁ!» አለ። ውሃ የሰጠችው ሴትዮ ገዛች፣ መለሰች። ክሪክ የያዘልኝ ሰውዬ ገዛ፣ መለሰ። ሰብሳቢው በአንድ እግራቸው ቆመው ሲጮሁ ድምፃቸው ተዘጋ። ነጋዴው አኩርፎ ተቀምጦ ቆየና በመጨረሻ ማንም የማይደርስበት ዋጋ ጠርቶ ወሰደው።

«ያሸነፍኩትን ይዤ እሄዳለሁ ብለው አልነበር?» አሉት መምህር።

«ሆቴሌ ላይ ባዶ ከረጢት ሰቅዬ ዕብድ ልባል?» አለና አምጥቶ የጋሼ ጭን ላይ አኖረው።

ጊታሩን ግን የጠየቀ የለም። ራቁቱን አቅፌ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ባለባጃጁ በመስታወት አየኝና «ፎርጅዱ ነው?» አለኝ።

ጋሼ ማክሰኞ ሄዱ። በተመለሱ በሳምንቱ ከረጢቴን ልቀበል በረንዳቸው ላይ ብቅ አልኩ። የመኪናዋ ጨርቅ ተነስቷል። አንዱ ዓይናቸው ተሠርቷል፤ ሌላው ቀን ይጠብቃል። ቀና ብለው ብዙ አዩኝ።

«አርጅተሃል» አሉኝ።

«ድሮም እንዲሁ ነበርኩ ጋሼ።»

«አሁንም ትዋሻለህ።» ከረጢቱን አንስተው ማንገቻውን ወደ ብርሃን አደረጉት። ቀዩ ክር አፍጥጦ አለ። ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ይሁን ስድብ አልለየሁትም። «ይኼን አንጠልጥዬ ነው ሕዝብ ፊት የኔ ነው ያልኩት?» ምላጭ አነሱና አንድ በአንድ ይተረትሩት ጀመር። ቀዩ ክር ጭናቸው ላይ ተከመረ።

ጥቁሩን ክር መዘዙ፣ በምራቃቸው አሾሉት። እጄ እንደ ልማዱ መርፌውን ሊቀበል ተዘረጋ። በጥፊ አሉት። መርፌውን ከፀሐዩ ፊት ያዙ፣ የተሠራውን ዓይናቸውን አጠበቡ፣ በመጀመሪያው አስገቡት።

«ጋሼ፣ ጥቁር ነው» አልኳቸው።

«አየሁት» አሉኝ።